ትራንስፈር አር ኤን ኤ እና የሚቶኮንድሪያ በሽታዎች፦ የ3243 ሚውቴሽን እንደ ማሳያ

አጠቃሎ

ትራንስፈር አር ኤን ኤ በዘረመል ፊደልና በፕሮቲን መካከል የቆመ አስተርጓሚ ሞለኪውል ነው። ይህ ጽሑፍ የሞለኪውሉን አወቃቀርና አዘገጃጀት ባጭሩ ከቃኘ በኋላ፣ በሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ ላይ የሚገኘውን የ3243 ሚውቴሽን እንደ ዋና ማሳያ በመውሰድ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛው፣ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ሞለኪውሉ የሚያጣው ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያው አንድ ሚውቴሽን በአንዱ ሰው ላይ የስኳር በሽታ፣ በሌላው ላይ ደግሞ አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሆኖ የሚታየው ስለምንድን ነው የሚል ነው። የቀረቡት ማስረጃዎች እንደሚያመለክቱት፣ ዋናው ጉድለት ከፊደሉ ይልቅ በፊደሉ ላይ ሊጨመር ሲገባው በቀረው ኬሚካዊ ማሻሻያ ላይ ነው። ጽሑፉ ይህ ግንዛቤ ለምርመራ፣ ለመድኃኒት አሰጣጥና በአገራችን ሊካሄድ ለሚችል ጥናት ያለውን ፋይዳ በማመልከት ይደመደማል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

አንዲት የ38 ዓመት ሴት ወደ ስኳር ሕክምና ክሊኒክ መጣች እንበል። ሰውነቷ ቀጭን ነው፤ የደም ስኳሯ ከፍ ብሏል፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህም ጆሮዋ እየደከመ ሄዷል። እናቷም በስኳር በሽታ ታመው፣ በመጨረሻ ዘመናቸው መስማት ተስኗቸው ነበር። በካርዷ ላይ «ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ» ተብሎ ተጻፈ፤ እንደተለመደውም ሜትፎርሚን ታዘዘላት። የጆሮዋ ነገር ለብቻው፣ የእናቷም ነገር ለብቻው ቀረ።

ሦስቱን ነገሮች በአንድ ክር አያይዞ የሚመለከት ሐኪም ግን ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ስኳሩ፣ ጆሮውና በእናት በኩል የመጣው ውርስ በአንድነት የሚያመለክቱት ወደ ሚቶኮንድሪያ ነው። በዚያም ከ16,569 ፊደላት መካከል አንዷ ተለውጣ ሊሆን ይችላል። ይህች ፊደል የምትገኘው ደግሞ የፕሮቲን ትእዛዝ በያዘ ጂን ውስጥ ሳይሆን፣ ትእዛዙን በሚተረጉም ሞለኪውል ጂን ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ የስም ልዩነት ብቻ አይደለም። የታዘዘው መድኃኒት፣ የልጆቿ ክትትልና የራሷ የወደፊት ጤና ከዚህ መልስ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ስለ ዘረመል በሽታዎች ስናስብ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የተበላሸ ፕሮቲን ነው። የትራንስፈር አር ኤን ኤ በሽታዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። የፕሮቲኖቹ ጂኖች ደህና ሆነው ሳለ፣ የንባቡ ሥራ ስለሚታወክ ጤናማው ጽሑፍ ሳይነበብ ይቀራል። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ሞለኪውሉ እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ያስፈልጋል።

2. ግኝትና አወቃቀር

በ1955 ፍራንሲስ ክሪክ ለሥራ ባልደረቦቹ ባሰራጨው ማስታወሻ አንድ ችግር አነሣ። አሚኖ አሲዶች ከአር ኤን ኤ ፊደላት ጋር በቀጥታ የሚገጣጠሙበት ኬሚካዊ ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ በአንድ እጁ ፊደሉን፣ በሌላ እጁ አሚኖ አሲዱን የሚይዝ አገናኝ ሞለኪውል መኖር አለበት ሲል ገመተ። ብዙም ሳይቆይ ፖል ዛሜክኒክና ማህሎን ሆግላንድ ከአሚኖ አሲድ ጋር የሚጣበቅ አነስተኛ አር ኤን ኤ ማግኘታቸውን በ1958 አሳወቁ። በ1965 ሮበርት ሆሊ ከእርሾ የተገኘውን የአላኒን ትራንስፈር አር ኤን ኤ 77 ኑክሊዮታይዶች ቅደም ተከተል አነበበ። ለዚህም ሥራው በ1968 ከሃር ጎቢንድ ኮራናና ከማርሻል ኒረንበርግ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋራ።

ሞለኪውሉ በወረቀት ላይ ሲሳል የማገጥ ቅጠል ይመስላል፤ በእውነተኛ ቅርጹ ግን እንደ ላቲኑ ፊደል «ኤል» የታጠፈ ነው። ይህ ቅርጽ በ1974 በአሌክሳንደር ሪችና በአሮን ክሉግ የተመሩ ሁለት የምርምር ቡድኖች የእርሾን የፌኒልአላኒን ትራንስፈር አር ኤን ኤ በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ ሲመረምሩ ተረጋገጠ። ከቅርጹ ሁለት ጫፎች አንዱ ሲ-ሲ-ኤ በተባሉ ሦስት ፊደላት ያበቃል፤ አሚኖ አሲዱ የሚጣበቀው እዚህ ላይ ነው። በሌላኛው ጫፍ በ34ኛው፣ በ35ኛውና በ36ኛው ቦታ የሚገኙት ሦስት ፊደላት አንቲኮዶን ይባላሉ፤ በመልእክተኛው አር ኤን ኤ ላይ ያለውን ኮዶን የሚያነብቡት እነርሱ ናቸው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው አካል ደግሞ በዲ ቀለበትና በቲ ቀለበት መገናኘት ተጠብቆ ይቆማል። ይህ መጋጠሚያ ለቀጣዩ ውይይት አስፈላጊ በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ትክክለኛውን አሚኖ አሲድ ከትክክለኛው ሞለኪውል ጋር የሚያጣብቁት አሚኖአሲል ትራንስፈር አር ኤን ኤ ሲንቴቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ራይቦዞሙ አንቲኮዶኑ ከኮዶኑ ጋር መግጠሙን እንጂ በሌላው ጫፍ የተንጠለጠለው አሚኖ አሲድ ማን እንደሆነ አይመረምርም። ስለዚህ የዘረመል ሕግ የሚጠበቀው በእነዚህ ኢንዛይሞች ላይ ነው ማለት ይቻላል። አይሶሉሲንና ቫሊን የሚለያዩት በአንድ የካርቦን ቡድን ብቻ በመሆኑ፣ አንዳንዶቹ ኢንዛይሞች በስሕተት የተጣበቀውን አሚኖ አሲድ መልሶ የሚቆርጥ የእርማት ክፍል አላቸው። የዚህ እርማት ዋጋ በ2006 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። በአላኒን ሲንቴቴዝ የእርማት ክፍል ላይ የደረሰ ቀላል የሚመስል ጉድለት፣ በትንሹ አንጎል ውስጥ ያሉ ፐርኪንጄ ሕዋሳት በተጣመሙ ፕሮቲኖች ተጨናንቀው እንዲሞቱ አድርጓል።

3. ከጂን ወደ ብቁ ሞለኪውል፦ የማሻሻያዎች ሚና

ትራንስፈር አር ኤን ኤ ከጂኑ ሲገለበጥ ገና ጥሬ ነው። አር ኤን ኤዝ ፒ የተባለው ኢንዛይም ትርፍ የሆነውን የፊተኛ ጫፍ፣ አር ኤን ኤዝ ዜድ ደግሞ የኋለኛውን ጫፍ ይቆርጣሉ። በሰው ልጅ ሞለኪውሎች ላይ የሲ-ሲ-ኤ ፊደላት ከቆረጣው በኋላ በሌላ ኢንዛይም ይጨመራሉ። ከዚህም ጋር በተለያዩ ፊደላት ላይ ኬሚካዊ ማሻሻያዎች ይደረጋሉ፤ ከተራ የሜቲል ቡድን አንሥቶ እስከ ውስብስብ የጎን ሰንሰለቶች ድረስ በተፈጥሮ ውስጥ የታወቁት የአር ኤን ኤ ማሻሻያዎች ከ100 በላይ ናቸው።

የእነዚህ ማሻሻያዎች ሚና ለአማርኛ አንባቢ በቅርብ ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። በጽሕፈታችን «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደላቱ አንድ ናቸው፤ ትርጉሙን የሚለየው በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ጥብቀት ነው። የትራንስፈር አር ኤን ኤ ማሻሻያም በዲ ኤን ኤው ላይ ተጽፎ አይገኝም። የዲ ኤን ኤ ንባብ ፊደላቱን ሁሉ በትክክል ሊነግረን ይችላል፤ ሞለኪውሉ «ጠብቆ» ወይም «ላልቶ» ስለመኖሩ ግን ዝም ይላል።

በተለይ በ34ኛው ቦታ ላይ የሚደረገው ማሻሻያ ወሳኝ ነው። ክሪክ በ1966 እንዳቀረበው ሐሳብ፣ የአንቲኮዶኑ የመጀመሪያ ፊደል ከኮዶኑ ሦስተኛ ፊደል ጋር ሲገጥም ጥብቅ ሕግ አይከተልም፤ ትንሽ ይወዛወዛል። በዚህም ምክንያት አንድ ሞለኪውል ከአንድ በላይ ኮዶን ሊያነብ ይችላል። ይህ መወዛወዝ ግን ልቅ እንዳይሆን፣ ወይም ከሚፈለገው በላይ እንዳይጠብብ የሚወስነው በ34ኛው ፊደል ላይ ያለው ማሻሻያ ነው።

4. የሚቶኮንድሪያ ልዩ ሁኔታ

የሰው ልጅ ሚቶኮንድሪያ የራሱ የሆነ ክብ ዲ ኤን ኤ አለው። ሙሉ ቅደም ተከተሉ በ1981 በካምብሪጅ የታተመ ሲሆን፣ 37 ጂኖችን ይይዛል። ከእነዚህ 13ቱ የፕሮቲን፣ 2ቱ የራይቦዞም አር ኤን ኤ፣ 22ቱ የትራንስፈር አር ኤን ኤ ጂኖች ናቸው። 13ቱ ፕሮቲኖች በሙሉ በሕዋስ የኃይል ማመንጫ ሰንሰለት ውስጥ ያገለግላሉ፤ 7ቱ በኮምፕሌክስ አንድ፣ 1 በኮምፕሌክስ ሦስት፣ 3ቱ በኮምፕሌክስ አራት፣ 2ቱ በኮምፕሌክስ አምስት ውስጥ ይገኛሉ።

ከዚህ አደረጃጀት ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በኒውክሊየስ ውስጥ ለአንድ የትራንስፈር አር ኤን ኤ ዓይነት ብዙ ቅጂ ጂኖች ስላሉ የአንዱ መበላሸት በሌላው ሊሸፈን ይችላል፤ በሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ጂን ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ 22 ሞለኪውሎች 60 ኮዶኖችን ማንበብ ስላለባቸው በ34ኛው ፊደል መወዛወዝ ላይ ያለው ጥገኝነት ከፍተኛ ነው። ሦስተኛ፣ የትራንስፈር አር ኤን ኤ ጂኖቹ በሌሎቹ ጂኖች መካከል እንደ ነጥብ ሆነው ተቀምጠዋል። ረጅሙ ግልባጭ የሚቆራረጠው እነርሱ ባሉበት ቦታ በመሆኑ፣ የእነርሱ መበላሸት የጎረቤቶቻቸውን አዘገጃጀትም ሊያውክ ይችላል።

በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከመቶዎች እስከ ሺዎች የሚደርሱ የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ ቅጂዎች ይገኛሉ። ሚውቴሽኑ በከፊሎቹ ላይ ብቻ ሲኖር ሄትሮፕላዝሚ የሚባለው ቅይጥነት ይፈጠራል። የተበላሹት ቅጂዎች ድርሻ ከተወሰነ ወሰን እስካላለፈ ድረስ ጤናማዎቹ ሥራውን ይሸፍናሉ፤ ወሰኑ ሲታለፍ ግን የኃይል ምርቱ በድንገት ይወርዳል። ይህ ወሰን ከሕብረ ሕዋስ ሕብረ ሕዋስ ይለያያል። ብዙ ኃይል የሚፈልጉት አንጎል፣ ጡንቻ፣ ልብ፣ የውስጥ ጆሮና ኢንሱሊን የሚያመነጩት የጣፊያ ቤታ ሕዋሳት ቀድመው የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ነው።

5. የ3243 ሚውቴሽን

ሜላስ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው በሽታ በ1984 ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተገለጸ። መለያዎቹ የጡንቻና የአንጎል መታወክ፣ በደም ውስጥ የላክቲክ አሲድ መብዛት፣ እንዲሁም በወጣትነት ዕድሜ የሚከሠቱ ስትሮክ መሰል ጥቃቶች ናቸው። በ1990 የጃፓን ተመራማሪዎች በሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ 3243ኛ ቦታ ላይ ኤ የነበረው ፊደል ወደ ጂ መለወጡን አገኙ። ከሜላስ ታማሚዎች 80 በመቶ ያህሉ ይህን ሚውቴሽን ይይዛሉ። በ1992 ደግሞ ያው ሚውቴሽን ከእናት በሚወረስ የስኳር በሽታና የመስማት ችግር በተጠቃ ቤተሰብ ውስጥ ተገኘ። ሚውቴሽኑ እንደሚታሰበው ብርቅ አይደለም። በ2007 በአውስትራሊያ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የተደረገ ጥናት ከ400 ሰዎች አንድ ያህሉ እንደሚይዘው አመልክቷል።

3243ኛው ፊደል የሚገኘው ዩ-ዩ-ኤ እና ዩ-ዩ-ጂ የሚባሉትን የሉሲን ኮዶኖች በሚያነብበው ትራንስፈር አር ኤን ኤ ጂን ውስጥ ነው። በሞለኪውሉ ላይ 14ኛው ፊደል ሲሆን፣ ቦታው በዲ ቀለበት ውስጥ ነው። ይኸውም ከአንቲኮዶኑ የራቀ፣ የ«ኤል» ቅርጹን አጥብቆ ከሚይዘው መጋጠሚያ አጠገብ ያለ ስፍራ ነው። ታዲያ ከአንቲኮዶኑ የራቀ ፊደል ንባቡን እንዴት ሊያውክ ይችላል?

ልዩ ልዩ መላ ምቶች ቀርበዋል። ሚውቴሽኑ የግልባጩን ማቆሚያ ምልክት ይነካል፤ ሞለኪውሉ ያልተረጋጋ ይሆናል፤ ሉሲን የሚጣበቅበት መጠን ይቀንሳል የሚሉት ይገኙባቸዋል። እያንዳንዳቸው የተወሰነ ማስረጃ አላቸው። ይሁንና ወደ ጉዳዩ እምብርት የወሰደው በጃፓን በእነ ጹቶሙ ሱዙኪና ኪሚጹና ዋታናቤ የተደረገው ተከታታይ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሚውቴሽኑን ከያዙ ሕዋሳት ሞለኪውሉን አጥርተው ሲመረምሩ፣ በ34ኛው ዩ ፊደል ላይ ሊኖር የሚገባው ማሻሻያ የለም። በ2002 እንደታወቀው ይህ ማሻሻያ ከታውሪን የሚሠራ ነው። ታውሪን በሥጋና በባሕር ምግብ ውስጥ የሚገኝ፣ ሰውነታችንም ራሱ የሚያዘጋጀው ቀላል ሞለኪውል ሲሆን፣ የአር ኤን ኤ አካል ሆኖ መገኘቱ ያልተጠበቀ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥርጣሬ ይነሣል። የታውሪኑ መቅረት የበሽታው ምክንያት ነው ወይስ ከሚውቴሽኑ ጋር አብሮ የመጣ ጎረቤት ብቻ? ይህን የሚመልሱ ሦስት ማስረጃዎች አሉ።

የመጀመሪያው በ2004 የታተመው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሞለኪውሉን ቆርጠው በመቀጠል፣ ሚውቴሽን የሌለበት ነገር ግን ታውሪኑ ብቻ የጎደለው ትራንስፈር አር ኤን ኤ አዘጋጁ። ይህ ሞለኪውል ዩ-ዩ-ኤን ሲያነብ፣ ዩ-ዩ-ጂን የማንበብ ችሎታው ግን ክፉኛ ወረደ። ስለዚህ የፊደሉ ለውጥ ሳይኖር የማሻሻያው መቅረት ብቻውን ጉድለቱን ይፈጥራል። የዩ-ዩ-ጂ ኮዶን የሚበዛው ኤን ዲ 6 በተባለው የኮምፕሌክስ አንድ ፕሮቲን ጂን ውስጥ መሆኑ፣ በሜላስ ታማሚዎች ላይ በብዛት የሚጎዳው ኮምፕሌክስ አንድ ከመሆኑ ጋር ይጣጣማል።

ሁለተኛው የንጽጽር ማስረጃ ነው። በዚሁ ጂን ላይ የሜላስን ሕመም የሚያስከትሉ አምስት የተለያዩ ሚውቴሽኖች ሲመረመሩ ሁሉም ታውሪኑን ያጡ ሆነው ተገኙ። በጂኑ ላይ ሆነው የሜላስን ሳይሆን ሌላ ዓይነት ሕመም የሚያስከትሉት ሚውቴሽኖች ግን ማሻሻያውን እንደያዙ ነበሩ።

ሦስተኛው ከላቦራቶሪ የተገኘ እንግዳ አጋጣሚ ነው። የ3243 ሚውቴሽንን የተሸከመ አንድ የሕዋስ ዘር የኃይል ምርቱን መልሶ ማግኘቱ ታየ። ሲመረመር፣ ሌሎቹን የሉሲን ኮዶኖች የሚያነብበው ሁለተኛው ትራንስፈር አር ኤን ኤ በአንቲኮዶኑ ላይ በ12300ኛ ቦታ ተለውጦ ተገኘ። ይህ የተለወጠ ሞለኪውል የታውሪን ማሻሻያውን ተቀብሎ የባልደረባውን ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። የጎደለውን ንባብ ሌላ አንባቢ ሲሸፍነው በሽታው ከሕዋሱ መወገዱ፣ ጉድለቱ በእርግጥም በንባቡ ላይ መሆኑን ያስረዳል።

እነዚህ ማስረጃዎች ተደምረው ሌሎቹን መላ ምቶች ሙሉ በሙሉ አይሽሩም። የሞለኪውሉ መጠን መቀነስና የሉሲን መጣበቅ መዳከም በአንዳንድ ሕዋሳት ላይ ተጨማሪ ጫና ማሳደራቸው አይካድም። የታውሪኑ መቅረት ግን የሜላስን መለያ ባሕርይ ከሁሉ በተሻለ የሚያብራራ ምክንያት ሆኖ ይገኛል።

6. ተዛማጅ በሽታዎች

የዚህ አስተሳሰብ ጥንካሬ የሚታወቀው ለሌሎች በሽታዎችም ሲሠራ ነው። መርፍ በመባል የሚታወቀው፣ በጡንቻ መንዘፍዘፍና በሚጥል በሽታ የሚገለጸው ሕመም በብዛት የሚመጣው በ8344ኛ ቦታ ላይ በሚገኝ ሚውቴሽን ነው፤ ይህም በ1990 ታውቋል። ቦታው የላይሲን ትራንስፈር አር ኤን ኤ የቲ ቀለበት ነው። ይህ ሞለኪውል በጤናማ ሁኔታው በ34ኛው ፊደል ላይ ታውሪንና ድኝ አብረው ይጨመሩለታል። በመርፍ ታማሚዎች ላይ ሁለቱም ይቀራሉ፤ በመሆኑም ሁለቱም የላይሲን ኮዶኖች በአግባቡ አይነበቡም። በሜላስ አንድ ኮዶን፣ በመርፍ ሁለት ኮዶኖች መጎዳታቸው በሁለቱ በሽታዎች መካከል ላለው የባሕርይ ልዩነት አንዱ ማብራሪያ ነው።

ማሻሻያውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች በኒውክሊየስ ጂኖች የሚታዘዙ ናቸው። ኤም ቲ ኦ 1 እና ጂ ቲ ፒ ቢ ፒ 3 የተባሉት ጂኖች ሲበላሹ የልብ ጡንቻ መወፈርና የላክቲክ አሲድ መብዛት ይከተላል። ድኙን የሚጨምረው የቲ አር ኤም ዩ ጂን ሲበላሽ ደግሞ በጨቅላነት ዕድሜ ከባድ የጉበት መድከም ይመጣል፤ ያንን ወቅት በሕይወት የሚያልፉት ሕፃናት ግን ጉበታቸው ሊያገግም ይችላል። በእነዚህ በሽታዎች የትራንስፈር አር ኤን ኤ ጂኖቹ ፊደል በሙሉ ጤናማ ነው፤ የጠፋው ጥብቀቱ ብቻ ነው።

ከሚቶኮንድሪያ ውጪም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ሻርኮት-ማሪ-ቱዝ የተባለው የነርቭ በሽታ አንዱ ዓይነት በግላይሲን ሲንቴቴዝ ጂን ሚውቴሽን እንደሚመጣ በ2003 ታወቀ። ለብዙ ዓመታት ምክንያቱ የኢንዛይሙ ሥራ መቀነስ ይመስል ነበር፤ አንዳንዶቹ የተለወጡ ኢንዛይሞች ግን ሥራቸውን በአግባቡ የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የተለወጠው ኢንዛይም የግላይሲን ትራንስፈር አር ኤን ኤን ይዞ አይለቅም፤ ራይቦዞሙም በግላይሲን ኮዶኖች ላይ ቆሞ ይቀራል። በዝንቦችና በአይጦች ላይ ተጨማሪ የግላይሲን ትራንስፈር አር ኤን ኤ ሲሰጥ በሽታው ተከላክሏል።

7. ለምርመራና ለሕክምና ያለው ፋይዳ

ወደ መግቢያችን እንመለስ። የ38 ዓመቷን ሴት ጉዳይ ለመጠርጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች ናቸው። የስኳር በሽታው የታየው ውፍረት በሌለበት ሰው ላይ ነውን? የመስማት ችግር አለን? በእናት ወገን ያሉ ዘመዶች፣ ማለትም እናት፣ አክስቶችና የእናት ልጆች ተመሳሳይ ምልክት አላቸውን? ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ከሆነ ጥርጣሬው ይዳከማል፤ በእናት በኩል ከተደጋገመ ይጠነክራል።

ለማረጋገጥ የሚያስችለው ዘዴም ከተራ የፒ ሲ አር ላቦራቶሪ አቅም በላይ አይደለም። የ3243 ለውጥ አፓ 1 የተባለው መቁረጫ ኢንዛይም የሚያውቀውን አዲስ ቦታ ይፈጥራል፤ የተባዛው ዲ ኤን ኤ በዚህ ኢንዛይም ተቆርጦ በጄል ላይ ሲታይ ሚውቴሽኑ ይገለጣል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አስፈላጊ ናቸው። በመጀመሪያ፣ በፒ ሲ አሩ መጨረሻ ጤናማውና የተለወጠው ገመድ ተቃቅፈው የሚፈጥሩት ድብልቅ ስለማይቆረጥ የሚውቴሽኑ ድርሻ ካለው ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ በደም ውስጥ ያለው የ3243 ድርሻ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በአዋቂ ሰው ደም ላይ ብቻ ተመርኩዞ «የለም» ማለት ስሕተት ላይ ይጥላል፤ ከሽንት የሚገኙ ሕዋሳት የተሻለ መረጃ ይሰጣሉ።

ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጣል። ሜትፎርሚን የኮምፕሌክስ አንድን ሥራ ስለሚገታ፣ ኮምፕሌክስ አንዱ ቀድሞውኑ በተዳከመ ሰው ላይ የላክቲክ አሲድ መብዛትን ሊያባብስ ይችላል፤ በመሆኑም በዚህ የስኳር በሽታ ዓይነት እንዲወገድ ይመከራል። የልብና የኩላሊት ክትትልም ያስፈልጋል። ለቤተሰቡ ደግሞ ወንዶች ልጆች ሚውቴሽኑን ለልጆቻቸው እንደማያስተላልፉ፣ ሴቶች ልጆች ግን በተለያየ መጠን ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ ማስረዳት ተገቢ ነው። የተበላሹት ቅጂዎች ድርሻ በእንቁላል አፈጣጠር ወቅት በዕጣ መልክ ስለሚከፋፈል፣ የእናትየዋን መጠን አይቶ የልጁን መተንበይ አስቸጋሪ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዷ እኅት በስኳር በሽታ ብቻ ስትኖር ሌላዋ በሜላስ የምትሠቃየው በዚህ ምክንያት ነው።

የማሻሻያው ግኝት ወደ መድኃኒትም መርቷል። የጎደለው ታውሪን ከሆነ፣ ታውሪን በብዛት ቢሰጥ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ተነሣ። በጃፓን በ10 የሜላስ ታማሚዎች ላይ ለ52 ሳምንታት በቀን 9 ወይም 12 ግራም ታውሪን ተሰጥቶ፣ በ6ቱ ላይ ስትሮክ መሰል ጥቃቱ በመለኪያው ወቅት ሙሉ በሙሉ ቆመ፤ በ5ቱ ላይ ደግሞ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው የማሻሻያ መጠን ከፍ አለ። ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለውና የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ መደምደሚያው በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ሆኖም ከሞለኪውል ጥናት ተነሥቶ ወደ ታማሚው አልጋ የደረሰ መንገድ መሆኑ አይካድም።

ትራንስፈር አር ኤን ኤ ራሱ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችልም ከቀድሞ ጀምሮ ታስቧል። በ1982 ተመራማሪዎች የሰውን የላይሲን ትራንስፈር አር ኤን ኤ አንቲኮዶን ለውጠው፣ ዩ-ኤ-ጂ የተባለውን የማቆሚያ ኮዶን እንዲያነብ አደረጉ። ይህ ሞለኪውል በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ሲሞከር፣ በ17ኛው ኮዶን ላይ ያለጊዜው የሚቆመውን የቤታ ታላሲሚያ ግሎቢን ንባብ አስቀጠለ። ይህ ሐሳብ ዛሬም ለሌሎች የዘረመል በሽታዎች በስፋት እየተጠና ይገኛል። ዋናው ፈተና ሞለኪውሉን ወደሚፈለገው ሕብረ ሕዋስ ማድረስና የተፈጥሮ ማቆሚያዎችን እንዳይጥስ መጠበቅ ነው።

8. ለአገራችን ተመራማሪዎች የሚነሣ ጥያቄ

በሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ልዩነት የሚለካው ከማጣቀሻው ቅደም ተከተል ጋር ተነጻጽሮ ነው። ይህ ማጣቀሻ ኤች ከተባለው፣ በአውሮፓ ከተስፋፋው የእናት ሐረግ ወገን ነው። በኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ ግን ኤል 0፣ ኤል 2 እና ኤል 3 የተባሉት የአፍሪካ ሐረጎች፣ እንዲሁም ኤም 1 በብዛት ይገኛሉ። ስለዚህ የአንድ ኢትዮጵያዊ ታማሚ ዲ ኤን ኤ ሲነበብ ከማጣቀሻው የሚለይባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የዘር ሐረግ ምልክቶች እንጂ በሽታ አይደሉም።

አደጋው በሁለት በኩል ነው። በ12308ኛ ቦታ በሁለተኛው የሉሲን ትራንስፈር አር ኤን ኤ ላይ የሚታየው ለውጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የበሽታ ምክንያት ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር፤ በኋላ ግን ዩ እና ኬ የተባሉት ሐረጎች መለያ እንደሆነ ተረጋገጠ። በደንብ ያልተጠና ሕዝብ ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት ሊደጋገም ይችላል። በተቃራኒው፣ «ይህ የአገራቸው ልዩነት ይሆናል» ተብሎ እውነተኛው ሚውቴሽን ሊታለፍ ይችላል። መፍትሔው ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው። በአንድ በኩል የጤናማ ኢትዮጵያውያን የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ መረጃ መስፋት አለበት። በሌላ በኩል አዲስ የተገኘ ልዩነት በፊደሉ ብቻ ሳይፈረድበት፣ ሄትሮፕላዝሚ መሆኑ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ከሕመሙ ጋር አብሮ መሄዱና የሞለኪውሉን ማሻሻያ መንካቱ ሊመረመር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በፒ ሲ አርና በጥንቃቄ በተያዘ የቤተሰብ ታሪክ ሊሠሩ የሚችሉ፣ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥኑ ሥራዎች ናቸው። ሦስተኛው የማስ ስፔክትሮሜትሪ አቅም ስለሚጠይቅ ትብብርን ይሻል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ የ3243 ሚውቴሽን ጉዳት የሚያደርሰው የፕሮቲን ትእዛዝን በመለወጥ አይደለም። በዲ ቀለበት ላይ የምትገኝ አንዲት ፊደል የሞለኪውሉን ቅርጽ ታላላለች፤ ማሻሻያውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ታውሪኑን ሳይጨምሩ ይቀራሉ፤ ታውሪን የሌለው አንቲኮዶን ዩ-ዩ-ጂን ማንበብ ይሳነዋል፤ በዚህ ኮዶን የበለጸጉት ፕሮቲኖች ይጎድላሉ፤ ኃይል የሚጠይቁት አካላት ይደክማሉ። በየትኛው አካል ላይ ጉዳቱ እንደሚገለጥ የሚወስነው ደግሞ የተበላሹት ቅጂዎች በየሕብረ ሕዋሱ ያላቸው ድርሻ ነው።

ከዚህ ሰንሰለት የሚወሰደው ትምህርት ለተመራማሪውም ለሐኪሙም አንድ ነው። ተመራማሪው ዲ ኤን ኤውን ካነበበ በኋላ አር ኤን ኤው እንዴት እንደተሻሻለ ሊጠይቅ ይገባል። ሐኪሙም የደም ስኳሩን ከለካ በኋላ ስለ ጆሮና ስለ እናት ሊጠይቅ ይገባል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከተጻፈው ባሻገር ያለውን ለመስማት የሚደረጉ ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ምንም ወጪ አይጠይቅም።